የእጣቢ ዳኝነት

ሰፈራችን ስሙ ቧንቧ ውሃ ነው፤
ቧንቧው ግን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚያስነጥሰው።
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣
ከዚያ ቀጭን ውሃ፣ እንደ ሐሜት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ባልዲ ሲንኳኳ
ዳገቱ ይነቃል፣ ቢጫ ጀሪካን ሲለካካ።

እኔ የይመር ሚስት፣ የላይኛው ቤት ነኝ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ እጣቢዬ ያስከሰሰኝ።
ቁልቁለት ነው ነገሩ፤ ደሴ ሜዳ የላት፣
የኔ ጓሮ ያለቀባት የጋሽ ሙህዲን ጣራ ናት።
ሳህን አጥቤ ስደፋ፣ የሕፃን ጨርቅ ሳለቀልቅ፣
ውሃው እግር አውጥቶ ደጁ ድረስ ሲዘልቅ፣
እሱ ከዘራውን ይዞ ሽቅብ፦
"አንቺ ሴትዮ! አረፋሽን ልቀለብ?"
ቀበሌ ድረስ ሄደናል፤ ሽማግሌም ተቀምጧል፤
"ውሃ መንገዱን ያውቃል" ብለው ፈረዱ፣ ፍርዱም አብሮ ፈስሷል።

የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር፣ ፊያት ከነተሳቢው፣
ኤሊዳር ላይ ራዲያተር ሲነጥፍ ጥም የፈተነው፤
እጁን የታጠበበትን ለመኪናው የሚያጠጣ፣
ያ ሰው ነው እንግዲህ በኔ እጣቢ የሚቆጣ።

ዘንድሮ በልጉ ቀረ።
ጎመኔ አንገቷን ደፋች፣ ጌሾዬም ጠወለገ፣
ይመር ከኮምቦልቻ አሮጌ በርሜል ፈለገ።
ታቹን በሳው፣ ጠጠር ጨመረ፣ ከሰል አደቀቀ፣
የቦርከና አሸዋ በጆንያ ተሸክሞ ዘለቀ።
ዘይት ያለበት ይደፋ፣ በረኪና አይነካካ፣
ለጎመን የሚሆን የመጨረሻው ለቅለቃ ነው ለካ።
በዶማ ቦይ ቀደድኩ፣ ከበርሜሉ እስከ መደቡ፣
ቅጠል ሳይነኩ ጠብታዎቹ ሥሩን ብቻ እንዲያጠግቡ።
አንዲትም ቁልቁል አላለፈችም።
"ተገላገልን" አልኩ፣ "ከእንግዲህ ክስ የለም።"

በሦስተኛው ሳምንት ከዘራው መጣ፣
እንደ ወትሮው ሽቅብ፣ እንደ ወትሮው በቁጣ።
በሩ ላይ ቆሞ ግን ቃል አጠረው፣
የቀሩትን ጥርሶች በምላሱ ቆጠረው።
"እንዲያው... ልብስ አታጥቢም? ልጆቹ በሳህን አይበሉም?"
"አጥባለሁ።"
"ታዲያ ምነው አይወርድም?"
"ምኑ?"
"ውሃዬ።"

ውሃዬ አለ!
ሰባት ዓመት ቆሻሻሽ፣ ሰባት ዓመት ነውርሽ ያለው
አንድ ወር ቢቀርበት ውሃዬ ብሎ ጠራው።

ተከትዬው ወረድኩ። ከግንቡ ሥር አሸንዳ፣
በሽቦ የታሰረ፣ ለሰው ያልተነገረ ዕዳ፤
የኔን እጣቢ ጠልፎ፣ በጓዳ በር አዙሮ፣
ከኮክ ዛፍ እግር ሥር ሲያፈሰው ኖሯል ከድሮ።
ዛፉ ቁመተ ረጅም፣ ፍሬው ገና በእንጭጩ፣
ቅጠሎቹ ተጠቅልለው በነፋስ የሚንጫጩ።

"ታዲያ ለምን ትከሰኝ ነበር?" አልኩት።
"ዝም ብል ታውቂብኝ ነበር፤
ካወቅሽ ደግሞ ታስከፍይኝ ነበር።"

እኔ ስቄ አላባራም፤ እሱ ግን አልሳቀ፣
ዓይኑን ከዛፉ ሳይነቅል ፍርዴን ጠበቀ።

ለኮኩ ሰኞና ሐሙስ የልብሱ እጣቢ ይውረድ፣
የሳህኑ ለጎመኔ፣ ቅባታሙ ለመንገድ።
ይመር "አሸዋውን ማን ተሸከመ?" ብሎ አንድ ቀን አኮረፈ፣
በማግሥቱ ግን ወርዶ አሸንዳውን በድንጋይ ደገፈ።

አሁን ንጋት ላይ፣ ቧንቧው ሳያስነጥስ፣
ከታች ማንቆርቆሪያ ይሰማኛል፣ ውሃ በቀስታ ሲፈስ፤
ጋሽ ሙህዲን ውዱእ ያደርጋል፣ እግሩን ለዛፉ እግር አስጠግቶ፣
ከፊቱ የወረደው ሁሉ ለሥሩ ቀርቶ።

ኮኩ ክረምት ላይ ስድስት አፈራ።
አራቱን ወፍ በላው።
አንዱን እሱ። አንዱን በጣሳ ከድኖ
ሽቅብ አመጣልኝ፣ በአንድ እጁ ከዘራ።
ገመጥኩት። ሳሙናውን በምላሴ ፈለግሁ፣
ጣፈጠኝ፤ ግን እንዲህ በቀላሉ መች እለቀው ኖሯል፣ ዝም አልሁ።
"እህስ?" አለ፣ ከበሩ ሳይነቃነቅ።
"ኦሞ ኦሞ ይላል" አልኩት።
ከዘራውን አነሳ፦
"ነገ ቀበሌ እንገናኝ!"